የኮሪያ የግል ትምህርት ቤት፣ ኢንተርናሽናል ትምህርት ቤትና ዩኒቨርሲቲ ንጽጽር፦ ከመክፈልዎ በፊት ከጀርባው ማን እንዳለ ይወቁ

ደቡብ ኮሪያ ውስጥ በሩ ላይ «ኢንተርናሽናል» ብሎ የጻፈ ትምህርት ቤት የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ሊሆን ይችላል፤ የውጭ ዜጋ ልጆች የሚማሩበት ሕጋዊ ትምህርት ቤት ሊሆን ይችላል፤ በሕግ ፊት ጭራሽ ትምህርት ቤት ያልሆነ የማጠናከሪያ ትምህርት መስጫም ሊሆን ይችላል። «የግል» የሚለውም እንዲሁ ያሳስታል። አዲስ አበባ ላይ የግል ሲባል ክፍያው ከፍ ያለ፣ ወላጅ መርጦ ልጁን የሚያስገባበት ማለት ነው። ኮሪያ ውስጥ ግን አብዛኞቹ የግል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የመምህራን ደሞዝ ከመንግሥት ይቀበላሉ፤ ተማሪዎቻቸውንም የሚመድብላቸው ትምህርት ቢሮው ነው።

ስለዚህ የደረጃ ሰንጠረዥ ከመክፈትዎ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ማን መሠረተው? በየትኛው ሕግ ተመዘገበ? ገንዘቡ ከየት ይመጣል? ማን መግባት እንደሚችል፣ ክፍያው ለምን ያን ያህል እንደሆነ፣ የምስክር ወረቀቱ የት እንደሚያገለግል፣ ልጁ ሳይጨርስ ትምህርት ቤቱ ይዘጋ እንደሆነ የሚታወቀው ከእነዚህ መልሶች ነው። ንጽጽሩ ለሁለት ዓይነት ሰው የተዘጋጀ ነው፤ በሥራ ምክንያት ቤተሰቡን ይዞ ኮሪያ ለሚገባ ወላጅ፣ እና ለዲግሪ ለሚሄድ ተማሪ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«የግል» ትምህርት ቤት፦ መግዛት የሚቻለውና የማይቻለው

ዘመናዊው የግል ትምህርት በሚሲዮናውያን ነው የተጀመረው ማለት ይቻላል። ሜቶዲስቱ አፐንዘለር በ1885 የወንዶቹን ቤጄን፣ ሜሪ ስክራንተን በ1886 የሴቶቹን ኢህዋን ከፈቱ። ከዚያ አገራቸው በጃፓን እጅ ስትወድቅ ያዩ ኮሪያውያን በራሳቸው ገንዘብ ትምህርት ቤት መሠረቱ። ከ1945 ነጻነት በኋላ የመሬት ሥሪት ለውጥ ሲመጣ ደግሞ ብዙ ባለርስቶች መሬታቸውን ለትምህርት ማኅበር አዛወሩ። በጦርነት የደቀቀው መንግሥት ለሁሉም ልጅ የሚሆን ትምህርት ቤት የመሥራት አቅም ስላልነበረው ይህን ደገፈ። ዛሬ ከመካከለኛ ደረጃዎች 20 በመቶ፣ ከሁለተኛ ደረጃዎች 40 በመቶ ገደማ የግል የሆኑት በዚህ ምክንያት ነው።

መልኩን የቀየሩት ሁለት ውሳኔዎች ናቸው። የመካከለኛ ደረጃ መግቢያ ፈተና ከ1969 ጀምሮ ከሴኡል ተነስቶ ቀረ። በ1974 ደግሞ ሴኡልና ቡሳን ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ ምደባ በዕጣ ሆነ፤ በኋላም ወደ ሌሎች ከተሞች ተስፋፋ። የግሉም የመንግሥቱም በአንድ ቋት ገቡ። ትምህርት ቤቶቹ መርጠው የመቀበልና የፈለጉትን የማስከፈል መብታቸውን ሲያጡ መንግሥት የበጀት ጉድለታቸውን መሸፈን ያዘ። ከ2021 ጀምሮ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በሦስቱም ክፍሎች ነጻ ስለሆነ ተራው የግል ሁለተኛ ደረጃ ከመንግሥቱ በክፍያ አይለይም። እዚህ ላይ ወላጅ የሚመርጠው ሰፈር ነው፤ የቤት ኪራዩ የትምህርት ክፍያው ሆነ ማለት ነው።

በእውነት ሊመረጡ የሚችሉት የግል ትምህርት ቤቶች ሁለት ዓይነት ናቸው።

የመጀመሪያው የግል አንደኛ ደረጃ ነው። ከ6 ሺሕ በላይ ከሆኑት የአገሪቱ አንደኛ ደረጃዎች የግሎቹ ሰባ ከምናምን ብቻ ሲሆኑ ግማሽ ያህሉ ሴኡል ውስጥ ናቸው። መንግሥት ስለማይደጉማቸው ዓመታዊ ክፍያቸው ብዙውን ጊዜ 10 ሚሊዮን ዎን ወዲህና ወዲያ ነው፤ አውቶቡስ፣ ምግብና የደንብ ልብስ ለብቻ ይታሰባል። መግቢያው በዕጣ ነው፤ ዕጣው ከመጋቢት በፊት ባለው መኸር ይወጣል። ብዙ የውጭ አገር ወላጅ የሚሳሳተው የትምህርት ቋንቋው ላይ ነው። የውጭ መምህራንና ብዙ የእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ስላለ እንግሊዝኛ ትምህርት ቤት ይመስላል፤ ሥርዓተ ትምህርቱ ግን ብሔራዊው ነው፣ ሒሳቡም ሳይንሱም በኮሪያኛ ነው የሚሰጠው። ኮሪያኛ ሳይችል ሦስተኛ ክፍል ላይ የገባ ልጅ ይቸገራል።

ሁለተኛው ኮሪያውያን ጃሳጎ የሚሉት፣ ራሱን የሚያስተዳድር የግል ሁለተኛ ደረጃ ነው። ድጎማ አይቀበልም፤ በምትኩ ተማሪ የመምረጥና ከተራው እስከ ሦስት እጥፍ የማስከፈል ፈቃድ አለው። የእያንዳንዱ ታሪክ በመሥራቹ ኪስ ነው የሚነበበው። ጋንግዎን ተራሮች ውስጥ ያለውን ሚንጆክ ሊደርሺፕ አካዳሚ በ1996 የከፈተው የወተት ፋብሪካ ባለቤት ነው፤ ማደሪያና ምግብ ሲጨመር በዓመት ከ20 ሚሊዮን ዎን በላይ ያስከፍላል። ጆንጁ ያለው ሳንግሳን የቆመው አገሩ ሁሉ በተማረበት የሒሳብ መጽሐፍ ደራሲ ገንዘብ ነው። ኡልሳን ያለው ሃይዩንዳይ ቾንግኡን ከሃይዩንዳይ፣ የፖሃንግና የጉዋንግያንግ ጄቾል ከብረት አምራቹ ፖስኮ፣ ቾናን ያለው ቡጊል ከሃንዋ፣ ሴኡል ያለው ሃና ከሃና ፋይናንስ ግሩፕ ጋር የተያያዙ ናቸው።

ይህ ለገዢው ምን ይጠቅመዋል? ኩባንያው የከፈተው ትምህርት ቤት መጀመሪያ የሚያስበው ለሠራተኛው ልጅ ነው። አሳን ያለው ቹንግናም ሳምሰንግ አብላጫውን ወንበር ለሠራተኛ ልጆች ይይዛል፤ ፖሃንግ ጄቾልና ኢንቾን ሃኑልም የሠራተኛ ኮታ አላቸው። ስለዚህ «በዓመት ስንት ተማሪ ትቀበላላችሁ?» ከማለት «ለውጭ አመልካች የተተወው ወንበር ስንት ነው?» ማለት ይሻላል። ሌላው አደጋ ፖለቲካው ነው። በ2019 መንግሥት እነዚህን ትምህርት ቤቶች በ2025 ወደ ተራ ሁለተኛ ደረጃ ለመቀየር ወስኖ ነበር፤ ቀጣዩ መንግሥት በጥር 2024 ውሳኔውን ሻረው። ትንሽ ልጅ ላለው ወላጅ ጃሳጎን የሩቅ ዕቅድ አድርጎ መያዝ አያስተማምንም።

የመንግሥት ትምህርት ቤትን ሳናነሳ ማለፍ ግን ልክ አይሆንም። የውጭ ዜጋ ልጅ የመኖሪያ ሰነዱ ያልተሟላ ቢሆን እንኳ፣ እዚያው መኖሩን በቤት ኪራይ ውልና በመሰለው አስረድቶ አንደኛና መካከለኛ ደረጃ መግባት ይችላል። ልጁ ከስምንት ዓመት በታች ከሆነና ቤተሰቡ አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ የሚቆይ ከሆነ፣ የሰፈሩ መንግሥት ትምህርት ቤት ብዙ ጊዜ ከሁሉም የተሻለ ምርጫ ነው ባዮች ነን። ልጁ ቋንቋውን ያገኛል፣ ወላጅም በዓመት በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዎን ይተርፈዋል።

«ኢንተርናሽናል» የተባሉት፦ አራት የተለያዩ ነገሮች

የቆየው ዓይነት የውጭ ዜጎች ትምህርት ቤት ነው። ሴኡል ፎሪን ስኩል በ1912 ሚሲዮናውያን ለልጆቻቸው የከፈቱት ነው። ዴጆን ያለው የክርስቲያን ኢንተርናሽናል ትምህርት ቤት በ1958፣ ሴኡል ኢንተርናሽናል በ1973 መጡ። ዮንግሳን ኢንተርናሽናል በ2006፣ ደልዊች ኮሌጅ በ2010፣ ድዋይት በ2012 የተከፈቱት መንግሥት የውጭ ባለሀብትን ለመሳብ መሬትና ሕንጻ ማመቻቸት ሲጀምር ነው። የፈረንሳይ፣ የጀርመን፣ የጃፓንና የቻይና ትምህርት ቤቶችም በዚሁ ሕግ ሥር ናቸው። ለመግባት ከወላጅ ቢያንስ አንዱ የውጭ ዜጋ መሆን አለበት፤ ወይም ልጁ ኮሪያዊ ከሆነ በድምሩ ሦስት ዓመት ውጭ አገር መኖሩን ማስረዳት አለበት። የኮሪያውያኑ ቁጥር በመርሕ ደረጃ ከኮታው 30 በመቶ አይበልጥም፤ ትምህርት ቢሮው ወደ 50 በመቶ ከፍ ሊያደርገው ይችላል።

ሁለተኛው በነጻ ኢኮኖሚ ዞን ያለ የውጭ የትምህርት ተቋም ነው። ካሊፎርኒያ ያለው ቻድዊክ ሶንግዶ ላይ፣ ሜን ግዛት ያለው ሊ አካዳሚ ዴጉ ላይ፣ ሁለቱም በ2010 ቅርንጫፍ ከፈቱ። እናት ትምህርት ቤቱ ትርፍ ወደ አገሩ ማውጣት አይችልም። ኮሪያዊ ልጅ ውጭ ባይኖርም ይገባል፣ ቁጥሩ ግን በኮታ የተገደበ ነው።

ሦስተኛው የጄጁ ደሴት ነው። ውጭ ለልጅ ትምህርት የሚወጣውን የኮሪያውያን ገንዘብ አገር ውስጥ ለማስቀረት ታስቦ፣ ኤንኤልሲኤስ ጄጁና ኬአይኤስ ጄጁ በ2011፣ ብራንክሰም ሆል ኤዥያ በ2012፣ ሴንት ጆንስበሪ አካዳሚ ጄጁ በ2017 ተከፈቱ። በልዩ ሕግ የሚተዳደሩ ስለሆኑ የኮሪያውያን ኮታ የለም፣ የውጭ ኑሮ ማስረጃም አይጠየቅም። ውጤቱ በክፍሉ ውስጥ ይታያል፦ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይሰጣል፣ በዕረፍት ሰዓትና በማደሪያው ውስጥ ግን የሚሰማው ኮሪያኛ ነው፤ አብዛኛው ተማሪ ኮሪያዊ ነውና።

አራተኛው ፈቃድ የሌለው ነው። በማጠናከሪያ ትምህርት መስጫነት ተመዝግቦ፣ ወይም ጭራሽ ሳይመዘገብ፣ «ኢንተርናሽናል ስኩል» የሚል ሰሌዳ ይሰቅላል። ክፍያው ከሕጋዊዎቹ ያንሳል፣ የመግቢያ መስፈርት የለውም፣ ወንበርም አይጠፋም። የአሜሪካ እውቅና ሰጪ ማኅበር ምልክት ያለው እንኳ ይኖራል። ያ እውቅና ለአሜሪካ ኮሌጅ ሊጠቅም ይችላል፤ በኮሪያ ሕግ ግን ልጁ ትምህርት ቤት ገብቶ አያውቅም። ወደ ኮሪያ ትምህርት ቤት ልዛወር ሲል ወይም በኮሪያ መንገድ ዩኒቨርሲቲ ልግባ ሲል የአቻ ደረጃ ፈተና መውሰድ ይኖርበታል። ቦታው በድንገት ቢዘጋም የተማሪውን ማኅደር ተረክቦ የሚይዝ የመንግሥት አካል የለም።

ይህን ለማጣራት የሚፈጀው ግማሽ ሰዓት ነው። መጀመሪያ የትምህርት ቤቱን ስም በኮሪያኛ ፊደልና ሙሉ አድራሻውን በጽሑፍ ይጠይቁ፤ በእንግሊዝኛው ስም መፈለግ ብዙ ጊዜ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ይወስዳል። ከዚያ የትምህርት ሚኒስቴር ለውጭ ዜጎች ትምህርት ቤቶች ባዘጋጀው ድረ ገጽ ላይ ዝርዝሩን ይመልከቱ፤ የጄጁዎቹን ደግሞ የደሴቲቱ ትምህርት ቢሮ ዝርዝር ላይ። ስሙ ከሌለ ፈቃዱን የሰጠውን መሥሪያ ቤትና የፈቃዱን ዓይነት በግልጽ ይጠይቁ። «በሂደት ላይ ነው» የሚል መልስ ካገኙ አይክፈሉ።

የግራ መጋባቱ ሌላ ምንጭ ኮሪያውያን ራሳቸው «ኢንተርናሽናል» የሚሏቸው የአገር ውስጥ ትምህርት ቤቶች ናቸው። ሴኡልና ቡሳን ያሉት ኢንተርናሽናል ሁለተኛ ደረጃዎች የመንግሥት ናቸው፤ ዴዎንና ዮንግሁን ኢንተርናሽናል መካከለኛ ደረጃዎች ደግሞ የኮሪያ የግል ትምህርት ቤቶች። በኮሪያ ሥርዓተ ትምህርት የሚማሩ ኮሪያውያን ልጆች ትምህርት ቤቶች እንጂ ከአገር አገር ለሚዘዋወር ቤተሰብ የታሰቡ አይደሉም።

ወጪውን ጎን ለጎን ስናየው፦ ሴኡል ያሉት ትልልቆቹ የእንግሊዝኛ ትምህርት ቤቶች በዓመት ከ25 ሚሊዮን ዎን አካባቢ ጀምረው በላይኛው ክፍል ከ40 ሚሊዮን ሊያልፉ ይችላሉ። ጄጁ ላይ የትምህርቱ ክፍያ 30 ሚሊዮንን ያልፋል፤ ማደሪያ ሲጨመር ከ50 ሚሊዮን በላይ ይሆናል። ብዙዎቹ የሴኡል ትምህርት ቤቶች ክፍያውን ለሁለት ከፍለው ከፊሉን በዎን፣ ከፊሉን በአሜሪካ ዶላር ይጠይቃሉ፤ ደሞዝዎ በዎን ብቻ ከሆነ ዶላር ሲወደድ ክፍያው በእርስዎ ላይ ይጨምራል። የማመልከቻና የመመዝገቢያ ክፍያ አይመለስም፤ አንዳንዶቹ በዚያ ላይ የሕንጻ ማስፋፊያ ክፍያ ይጨምራሉ። መሥሪያ ቤትዎ የልጅ ትምህርት የሚሸፍን ከሆነ እነዚህ ተጨማሪዎች በአበሉ ውስጥ መካተታቸውን አስቀድመው በጽሑፍ ያረጋግጡ፤ ብዙ ውል «የትምህርት ክፍያ» የሚለውን ብቻ ነው የሚሸፍነው።

በሥርዓተ ትምህርት በኩል ሴኡል ፎሪን፣ ድዋይት፣ ቻድዊክ፣ ኤንኤልሲኤስና ብራንክሰም ወደ አይቢ (በብዙ አገር የሚሰጠው ዓለም አቀፍ ባካሎሬት) ያደርሳሉ። ደልዊች በእንግሊዝ ሥርዓት ጀምሮ አይቢ ላይ ይጨርሳል። ሴኡል ኢንተርናሽናል፣ ዮንግሳን፣ ኬአይኤስና ሴንት ጆንስበሪ የአሜሪካውን ኤፒ (በሁለተኛ ደረጃ የሚሰጥ የኮሌጅ ደረጃ ትምህርት) ይዘዋል። በየሦስት አራት ዓመቱ ምድብ ለሚቀየርበት የዲፕሎማት ቤተሰብ፣ አዲስ አበባም ሆነ ናይሮቢ ወይም ጄኔቫ የሚያገኘውን ሥርዓት መያዝ ከትምህርት ቤቱ ዝና ይበልጣል። ዘመኑም ይመቻል፤ እነዚህ የሚከፍቱት በነሐሴ ስለሆነ ከመስከረሙ የኢትዮጵያ ትምህርት ዘመን ጋር ይቀራረባል። የኮሪያው ግን በመጋቢት ስለሚጀምር ልጁ ወይ ግማሽ ዓመት ይደግማል ወይ ግማሽ ዓመት ይዘላል።

ዩኒቨርሲቲ፦ መሥራቹ እስከ ምረቃ ቀን አብሮዎት ነው

ከኮሪያ ከፍተኛ ትምህርት ተቋማት ከአምስቱ አራቱ ገደማ የግል ናቸው። ከታሪካቸው አንጻር በአምስት ጎራ ማየት ይቻላል።

የቤተ ክርስቲያንና የሃይማኖት። ዮንሴ ሥሩ በ1885 በንጉሡ ፈቃድ የተከፈተ፣ ሚሲዮናዊ ሐኪም የመራው ሆስፒታል ነው፤ በ1957 ዮንሂ ዩኒቨርሲቲና ሴቨራንስ የሕክምና ኮሌጅ ተዋሕደው ዛሬ ያለውን ስም ፈጠሩ። ኢህዋ የሴቶች ነው። ሱንግሲል በ1897 ፒዮንግያንግ ተመሥርቶ፣ ለጃፓን ሺንቶ መቅደስ አንሰግድም ብሎ በ1938 ተዘጋ፤ በ1954 ሴኡል ላይ እንደገና ተከፈተ። ሶጋንግን በ1960 ኢየሱሳውያን፣ ዶንግጉክን በ1906 ቡድሂስቶች መሠረቱ። ይህ ለታሪክ ብቻ የሚነገር አይደለም። ዮንሴ ላይ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ አራት ሴሚስተር፣ ሱንግሲል ስድስት፣ ኢህዋ ስምንት ሴሚስተር የጸሎት ጉባኤ መከታተል አለበት። መገኘት ይቆጠራል፣ ነጥቡ አለፈ ወይም ወደቀ ነው፤ የጎደለውን ሳያሟሉ ዲግሪው አይሰጥም። ይዘቱ ስብከት ብቻ አይደለም፣ ሙዚቃና የእንግዳ ንግግርም አለው። ያም ሆኖ ኦርቶዶክስም ሆነ ሙስሊም ተማሪ ከመመዝገቡ በፊት ሊያውቀው ይገባል። በመጨረሻው ዓመት ሁለት ሴሚስተር ጎድሎ የተገኘ ተማሪ ከሥራ ልምምድ ጋር እያጋጨ ነው የሚሞላው።

የአገር ወዳዶች። ኮሪያ ዩኒቨርሲቲ በ1905 ቦሶንግ ኮሌጅ ተብሎ የተከፈተ ነው። የቀድሞ ተማሪዎቹ ትስስር አገር ያወቀው ነው፤ ኮሪያ ውስጥ ሥራ ለሚፈልግ ይህ ከማስታወቂያው ሁሉ የበለጠ ዋጋ አለው።

የኩባንያ። ሰንግዩንግዋን ከ1398 ጀምሮ የንጉሣዊው አካዳሚ ስም ነው፤ ከ1996 ወዲህ ግን ደጋፊው ሳምሰንግ ነው። ኢንጂነሪንጉ ሱዎን ላይ፣ የሳምሰንግ ኤሌክትሮኒክስ ዋና መሥሪያ ቤት ባለበት ከተማ ነው። ፖስቴክ በ1986 በፖስኮ ገንዘብ ፖሃንግ ላይ የተከፈተ ሲሆን በዓመት ጥቂት መቶ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ብቻ ይቀበላል።

የመንግሥት። ሴኡል ናሽናል (1946)፣ በሳይንስ ሚኒስቴር ሥር ያለው ካይስት (1971)፣ ጂስትና ዩኒስት። የመንግሥት ሠራተኞች በኮይካ (የኮሪያ መንግሥት የልማት ትብብር ድርጅት) የነጻ ትምህርት ዕድል የሚሄዱበት ሴጆንግ ከተማ ያለው ኬዲአይ ስኩልም ከዚህ ጎራ ነው። ሳይንስና ኢንጂነሪንግ በእንግሊዝኛ ለሚፈልግ ኢትዮጵያዊ የሁለተኛና የሦስተኛ ዲግሪ አመልካች መጀመሪያ መሞከር ያለበት ይሄኛውን ነው። የትምህርት ክፍያ ተሸፍኖ ወርኃዊ አበል የሚገኝበት ዕድል ሰፊ ነው። በግል ዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪ ግን አበሉ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከፕሮፌሰሩ የምርምር በጀት ነው፤ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ አበሉ ይቀንሳል ወይም ይቆማል። ፕሮፌሰሩን በኢሜይል ሲያነጋግሩ የፕሮጀክቱን ማብቂያ ዓመት መጠየቅ ነውር የለውም።

የውጭ ቅርንጫፍ። ሶንግዶ ባለው ኢንቾን ግሎባል ካምፓስ የአሜሪካዎቹ ሱኒ ኮሪያ (2012)፣ ጆርጅ ሜሰንና ዩታ (2014)፣ እንዲሁም የቤልጂየሙ ጌንት (2014) አሉ። ዲግሪው የእናት ዩኒቨርሲቲው ነው፤ በጆርጅ ሜሰንና በዩታ አንድ ዓመት አሜሪካ መማርም አለ። ክፍያው በዓመት 20 ሺሕ ዶላር አካባቢ ነው። በኮሪያ ዋጋ ውድ፣ ከአሜሪካ ኑሮ ጋር ሲተያይ ርካሽ። ለአሜሪካው ዓመት ግን የአሜሪካ ቪዛ ሊከለከሉ እንደሚችሉ አስበው ይግቡ።

በክፍያ በኩል በ2024 የግል ዩኒቨርሲቲ አማካይ 7.6 ሚሊዮን፣ የመንግሥት 4.2 ሚሊዮን ዎን ገደማ በዓመት ነበር። ይህ የኮሪያውያኑ አማካይ ነው። የውጭ ተማሪ ብዙ ቦታ ከዚህ በላይ ይጠየቃል፤ ኢንጂነሪንግ፣ ጥበብና ሕክምናም ከአማካዩ ከፍ ይላሉ። ድህረ ምረቃ ላይ በመጀመሪያው ሴሚስተር የመግቢያ ክፍያ ለብቻው ይጨመራል። ከመጋቢት 2021 ወዲህ የውጭ ተማሪ ብሔራዊ የጤና መድን መክፈል ግዴታው ስለሆነ እሱንም በወር ወጪዎ ላይ ያስቡት።

ብዙ ሰው የሚሸወድበት ነጥብ ካምፓስ ነው። ዎንጁ ያለው የዮንሴ ሚሬ፣ የኮሪያ ዩኒቨርሲቲ ሴጆንግ፣ አንሳን ያለው የሃንያንግ ኤሪካ፣ የዶንግጉክ ግዮንግጁና የኮንኩክ ቹንግጁ በሕግ ቅርንጫፍ ናቸው፤ መግቢያቸውም ደረጃቸውም ለብቻ ነው። የሰንግዩንግዋን ሱዎን እና የክዩንግ ሂ ዮንግን ግን የዋናው ግማሽ አካል ናቸው። ደላላ «ዮንሴ አስገባሃለሁ» ሲል ከተማውን ይጠይቁት። ቅርንጫፎቹ መጥፎ ናቸው ማለታችን አይደለም፤ ኤሪካ በኢንጂነሪንግ ጠንካራ ነው። ግን በዋናው ስም የሚሸጥልዎት የቅርንጫፍ ወንበር መሆኑን አውቀው ይግዙ።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው የመዘጋት አደጋ ነው። የኮሪያ የወሊድ መጠን በ2023 በአንዲት ሴት ወደ 0.72 ልጅ ወርዷል። ተማሪ ሲጠፋ መጀመሪያ የሚራቡት ከሴኡል የራቁ፣ ከተማሪ ክፍያ ሌላ ገቢ የሌላቸው የግል ዩኒቨርሲቲዎች ናቸው። ሶናም ዩኒቨርሲቲ መሥራቹ በምዝበራ ተፈርዶበት በ2018 ተዘጋ፤ ጂንጁ ያለ የግል ዩኒቨርሲቲም በ2023 ተከተለ። ዩኒቨርሲቲ ሲዘጋ ተማሪው ወደ አካባቢው ተቋማት ይዛወራል፣ የትምህርት ማስረጃው ግን ከዚያ በኋላ የሚወጣው ከሌላ የመንግሥት ተቋም ነው፤ ከአዲስ አበባ ሆኖ ይህን መከታተል አድካሚ ነው። ስለዚህ ከማመልከትዎ በፊት «ዴሃክ አሊሚ» በተባለው የመንግሥት የዩኒቨርሲቲ መረጃ ድረ ገጽ ላይ ሦስት ቁጥር ይዩ፦ ከተፈቀደው ወንበር ስንቱ እንደተሞላ፣ ስንቱ አቋርጦ እንደወጣ፣ ከጠቅላላ ገቢው ስንቱ የተማሪ ክፍያ እንደሆነ። የመጀመሪያው ለተከታታይ ዓመታት እየወረደ፣ ሦስተኛው እየወጣ ከሆነ ሌላ ይፈልጉ።

ለኢትዮጵያዊ አመልካች፦ ወረቀቱ የት ይሰናከላል

በውጭ ተማሪነት ለመግባት አመልካቹም ሁለቱም ወላጆቹም የኮሪያ ዜጋ አለመሆናቸው መረጋገጥ አለበት። የልደት ምስክር ወረቀት የሚጠየቀው ለዚህ ነው፤ ችግሩም እዚህ ይጀምራል። ኮሪያ ውስጥ ልጅ የአባቱን የቤተሰብ ስም ይይዛል። የእኛ «ሰላም ተስፋዬ በቀለ» እና አባቷ «ተስፋዬ በቀለ ወልዴ» በኮሪያዊው የመግቢያ ክፍል ሠራተኛ ዓይን ዝምድና የሌላቸው ሁለት ሰዎች ናቸው። ከማመልከቻው ጋር ስለ ኢትዮጵያ የስም አወጣጥ አንድ ገጽ ማብራሪያ ያያይዙ፤ የአባት ስም በልጅቷ ፓስፖርት፣ በልደት ወረቀቷና በአባትየው ፓስፖርት ላይ በእንግሊዝኛ በአንድ ዓይነት ፊደል መጻፉንም ያመሳስሉ። አንድ ፊደል ቢለይ ይመልሱታል። ሁለተኛው መሰናክል ዘመን ነው፤ በእኛ አቆጣጠር መስከረም 1998 የተወለደች ልጅ ፓስፖርቷ 2005 ይላል። ትርጉሙ ላይ «በኢትዮጵያ አቆጣጠር» የሚለው ተጽፎ የአውሮፓው ቀን ጎኑ ካልሰፈረ ሁለት የተለያየ ልደት ሆኖ ይታያል። ትራንስክሪፕትና የትምህርት ማስረጃው ላይ የኮሪያ ኤምባሲ ማረጋገጫ ሊጠየቅ ስለሚችል ጊዜ ይተዉለት። ለመጋቢት መግቢያ ማመልከቻው ብዙ ጊዜ ባለፈው መኸር ይዘጋል።

የባንክ ሂሳብ ላይ ከ2023 ጀምሮ ለዲግሪ ተማሪ 20 ሚሊዮን፣ ከዋና ከተማው ክልል ውጭ ላለ ዩኒቨርሲቲ 16 ሚሊዮን ዎን ማሳየት መለኪያ ሆኗል። ገንዘቡ ከማመልከቻው አንድ ሳምንት በፊት በአንዴ የገባ ከሆነ ምንጩን ያስጠይቃል።

ግሎባል ኮሪያ ስኮላርሺፕ የተባለውን የኮሪያ መንግሥት የነጻ ትምህርት ዕድል ላገኘ ግን የግልና የመንግሥት የክፍያ ልዩነት ይጠፋል፤ ሁለቱም ይሸፈናሉ። ስለዚህ በትምህርት ክፍሉና በላቦራቶሪው ይምረጡ። ለመጀመሪያ ዲግሪ ዕድሜ ከ25፣ ለድህረ ምረቃ ከ40 በታች፣ ውጤት ከመቶ 80 እና በላይ ይጠየቃል። ለኮሪያ ዘማቾች ተወላጆች 5 በመቶ ተጨማሪ ነጥብ ስላለ፣ የቃኘው ሻለቃ አባላት ልጆችና የልጅ ልጆች የዘማችነቱን ማስረጃ ቀድመው ያውጡ። የመጀመሪያው ዓመት ኮሪያኛ ነው፤ ቶፒክ በተባለው የኮሪያኛ ፈተና ደረጃ 3 ካልመጣ ዕድሉ ሊሰረዝ ይችላል፣ ደረጃ 5 ይዞ የሄደ ደግሞ በቀጥታ ትምህርቱን ይጀምራል።

በራስዎ ገንዘብ የሚሄዱ ከሆነ የመግቢያ ደብዳቤው ላይ የቪዛውን ዓይነት ሳያዩ አይክፈሉ። ዲ-2 የዲግሪ ነው፤ ዲ-4 የቋንቋ ሥልጠና ነው። ተማሪ የጠፋባቸው አንዳንድ የክፍለ ሀገር የግል ዩኒቨርሲቲዎች ወንበሩን የሚሞሉት በዲ-4 ሲሆን፣ ደላሎች ይህንኑ «ዩኒቨርሲቲ ገባህ» ብለው ይሸጡታል። ዲ-4 ያለው ሰው ቋንቋውን ከጨረሰ በኋላ ለዲግሪው እንደገና ያመለክታል፣ ሊቀበሉትም ላይቀበሉትም ይችላሉ። የትምህርትና የፍትሕ ሚኒስቴሮች የውጭ ተማሪ አያያዛቸውን መርምረው እውቅና የሰጧቸውን፣ እንዲሁም የቪዛ ገደብ የጣሉባቸውን ዩኒቨርሲቲዎች ዝርዝር በየዓመቱ ያወጣሉ፤ የተላከልዎት ደብዳቤ ላይ ያለው ስም ከሁለተኛው ዝርዝር ውስጥ ካለ ኤምባሲው ቪዛውን ሊከለክል ስለሚችል የመጀመሪያውን ሴሚስተር ክፍያ አይላኩ።